ሦስት ዘመን በአንድ መጽሐፍ፦ የወጣትነት ልቦለዶቻችንን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ ሆኖ መልሶ ማንበብ

(በትምህርት ክፍሉ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ከታሪክ መምህር የማይጠበቅ ሊመስል ይችላል። ስለ ሸዋ ነገሥታት ወይም ስለ ዘመቻ አልናገርም። የምናገረው በ1970ዎቹ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ያደግን ልጆች ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት ዓመታችን ድረስ ስላነበብናቸው ጥቂት የአማርኛ ልቦለዶች ነው። እነዚህን መጻሕፍት ባለፉት ሁለት ክረምቶች አንድ በአንድ መልሼ አንብቤአለሁ። ያነበብኋቸው ናፍቆቴን ለመወጣት ብቻ አልነበረም፤ ለታሪክ ጸሐፊ ምን ዓይነት ማስረጃ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለመመርመርም ነው።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንድ ልቦለድ ሦስት ዘመን አለው። የመጀመሪያው የሚተርክልን ዘመን ነው፤ ሁለተኛው ደራሲው የጻፈበት ዘመን ነው፤ ሦስተኛው አንባቢው ያነበበበት ዘመን ነው። ስለ ፊተኞቹ ሁለቱ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። ሦስተኛው ግን በአብዛኛው በአንባቢው ትዝታ ውስጥ ስለሚኖር፣ አንባቢው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ከዚህ ደጋ ወጥቶ ከተማ የገባው፣ መምህር፣ ካድሬ፣ ወታደርና የቢሮ ሠራተኛ የሆነው ትውልድ የገዛ አባቱን ኑሮ ያየበት መነጽር በከፊል የተሠራው ከእነዚህ መጻሕፍት ነው። መነጽሩ ለመንዝ በልኩ የተሠራ ነበርን? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

የወጣት መደርደሪያ ባልነበረበት

በሌላው ዓለም አሳታሚዎች ከልጅነት ለወጡና ለአዋቂነት ላልደረሱ አንባብያን ብለው ለይተው የሚያሳትሟቸው ልቦለዶች አሉ። በእኛ ዘንድ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መደርደሪያ አልነበረም። ታላላቆቻችን ያነበቡትን እኛም አነበብን፤ የወጣት መጽሐፍ ማለት ወጣቶች የሚዋዋሱት መጽሐፍ ማለት ነበር።

ይሁን እንጂ ለወጣቱ አስቦ መጻፍ ከዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው፤ ከአባቶቹም አንዱ የዚህ ደጋ ልጅ ናቸው። «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚለው ስም በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታትሞ ከወጣ በኋላ፣ ዘርፉን በአገር ውስጥ ካሳደጉት ሰዎች ፊተኛው መርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የሚለው መጽሐፋቸው በቀጥታ ለወጣት የተጻፈ ነው። በ1923 ዓ.ም. ያሳተሙት የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ታሪክ ስለ ጋብቻ ልማድ፣ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «ሐዲስ ዓለም» ደግሞ ባሕር ማዶ ተምሮ ወደ ወገኖቹ ስለተመለሰ ዐወቀ ስለሚባል ወጣት የሚናገሩ ናቸው። ተምሮ የተመለሰ ልጅ ከወገኖቹ ጋር እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከአማርኛ ልቦለድ ወጥቶ አያውቅም። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» በ1941 ዓ.ም. ይህንኑ ጥያቄ አንሥቷል። ከሰሜን ሸዋ ገርም ገብርኤል የወጡት ከበደ ሚካኤልም በ«ታሪክና ምሳሌ» በየትምህርት ቤቱ ያለውን ልጅ ግጥም አስጠንተውታል።

በደጋው የአዋቂዎች ቤት ግን መጽሐፍ ሲባል ዳዊት፣ ገድልና ድርሳን ነበር። ፊደል የቆጠረ ልጅ ዳዊት ከደገመ ቤተሰቡን ያስከብራል። ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ የሚያወራ የታተመ መጽሐፍ ይዞ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ እረኛ ግን ተረት የሚያነብ ሥራ ፈት ነው። በጎቹ የሰው ገብስ ውስጥ ከገቡ ጥፋቱ የመጽሐፉ ይሆን ነበር።

መጽሐፉ ደጋው ላይ የወጣባቸው መንገዶች

በዚያ ዘመን መንዝና ግሼ አንድ አውራጃ፣ መርሐ ቤቴ ሌላ አውራጃ ነበሩ። ወደ መንዝ የሚያስገባው መንገድ ከጣርማ በር ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ ይደርሳል። መርሐ ቤቴ በበኩሉ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ያለ አገር ነው። ክረምት ሲገባ መኪናው ይጠፋል፤ መኪና በሌለበት መጽሐፍ ሻጭም የለም። ታዲያ ልቦለዱ እንዴት ደረሰን?

አንደኛው መንገድ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደና ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ነበር። ስለ ዘመቻው ፖለቲካ ብዙ ማለት ይቻላል። ለእኛ ያመጣው ትሩፋት ግን ዘማቹ በሻንጣው ይዞት የመጣው መጽሐፍና ከዘመቻው በኋላ የተከፈቱት የንባብ ክፍሎች ነበሩ። ሁለተኛው መንገድ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው። ማታ ማታ የምናነበው በኩራዝ ብርሃን ስለነበር የአሳታሚው ስም ለእኛ ምሳሌነቱ ቀርቶ ቃል በቃል እውነት ነበር። ሦስተኛው ራዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» መርሐ ግብር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ፣ ራዲዮ ያለበት ቤት ጎረቤት ይሰበሰብበታል። የደከመው የባትሪ ድንጋይ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚውለው ለዚያች ሰዓት ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው መንገድ ግን እጅ ነው። አንድ ቅጂ አሥራ አምስትና ሃያ እጅ ይዞር ነበር። በ«ሠርቶ አደር» ጋዜጣ የተለበደ፣ ጥራዙ ሲፈታ በመርፌና በክር የተሰፋ፣ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ገጾች የሌሉት መጽሐፍ ብርቅ አልነበረም። ፍጻሜው የተቀደደ መጽሐፍ ሲያጋጥም፣ ሙሉውን ቅጂ አንብቦ የሚያውቅ ልጅ ፍጻሜውን በቃል ይተርካል፤ አንዳንዴም ከደራሲው የተሻለ አድርጎ ይጨርሰዋል። በውስጠኛው ገጽ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ስም፣ የተበደረው ሰው ስም፣ ቀኑና የእርግማን ቃል ይጻፋል። ይህ እርግማን ከየት እንደመጣ የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሁሉ ያውቃል፤ መጽሐፉን የሰረቀና ስሙን የፋቀ ሁሉ የተወገዘ እንዲሆን የሚያሳስበው የቀድሞ ጸሐፊዎች ቃል ነው። የደብር ልማድ በልቦለድ ላይ ቀጠለ ማለት ነው። ያነባበቡም ሥርዓት እንዲሁ ነበር። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ፊደል የማያውቁት እናቶችና አባቶች ምድጃ ዳር ሆነው ይሰማሉ፤ ይከራከራሉ። ስለዚህ የእነዚህን መጻሕፍት አንባቢ በታተሙት ቅጂዎች ብዛት ብቻ የሚገምት ታሪክ ጸሐፊ፣ የደጋውን አድማጭ ሳይቆጥር ይቀራል።

የፊታውራሪ መሸሻ ጉልትና የመንዝ ርስት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የሚተርኩልን ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበረውን ጎጃም ነው። በድኻ ቤት ተወልዶ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለውን በዛብህን፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን፣ ሥርዓቱን የሚነቅፈውን ጉዱ ካሣን፣ በባላባቱ ላይ የተነሡትን ገበሬዎችና መሪያቸውን አበጀ በለውን የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

የተጻፈበትን ዘመን ስንመለከት የሚያስገርም መገጣጠም እናገኛለን። መንግሥት ጉልትን በአዋጅ የሻረው፣ ማለትም ባለጉልቱ ከገበሬው ግብር የመቀበል መብቱ በሕግ የቀረው፣ በዚያው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ ተነሣ። ስለዚህ መጽሐፉ ያለፈውን እየተረከ፣ በጊዜው አገር ያነጋግር የነበረውን የመሬትና የግብር ጉዳይ ይዞ ወጣ።

ሦስተኛው ዘመን፣ እኛ ያነበብንበት ዘመን፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለው ነው። በፖለቲካ ትምህርቱ «ፊውዳል» የሚለውን ቃል እንማራለን፤ ቃሉን ሥጋ የሚያለብሱልን ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። አገሪቱ በሁለት ተከፍላ ትታየን ነበር፤ በአንድ ወገን ባላባት፣ በሌላው ወገን ጭሰኛ። የመንዝ ልጅ ከዚህ የት ይግባ?

የመንዝ መሬት በአብዛኛው የርስት መሬት ነበር። ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት በአባትም በእናትም በኩል መወለዱን የሚያስረዳ ሰው ሁሉ፣ ሴትም ብትሆን፣ ድርሻ የሚጠይቅበት ሥርዓት ነው። የማማ ምድር፣ የላሎ ምድርና የጌራ ምድር ሰው አባት ቆጥሮ ስማቸውን ለአገሩ እስከ ሰጡት እስከ ማማ፣ እስከ ላሎና እስከ ጌራ ድረስ ይወጣል። «ባላባት» የሚለው ቃል ራሱ በሥሩ «ባለ አባት» ማለት ነው። በደቡብ ይህ ቃል ገባር ያለው ገዥ ማለት ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ግን በብርድ የምትበቅል ጥቂት ገብስና ጥቂት በጎች ያሉት፣ በርኖስ የለበሰ፣ በገዛ እጁ የሚያርስ ሰው «እኔ ባላባት ነኝ» ሊል ይችል ነበር። ተማሪው ልጁ ግን ቃሉን የሚሰማው በመጽሐፉ ትርጉም ነው። በአባትና በልጅ መካከል በዚያ ዘመን የተነሣው ክርክር ምን ያህሉ የመደብ፣ ምን ያህሉ የቃል ትርጉም እንደነበረ ታሪካችን ገና አልመረመረውም።

የአድማጩን ምላሽ ዋጋ የተረዳሁት ከአጎቴ ነው። በራዲዮ የፊታውራሪ መሸሻና የገበሬዎቻቸው ጠብ ሲነበብ ሰምቶ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን አይከሱም፣ ለምንስ ይግባኝ አይሉም ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ ሳቅንበት። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ተቀምጦ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ስለ መንዝ ሰው የመሬት ሙግት በሰፊው ጽፏል። ስንቁን በአህያ ጭኖ አዲስ አበባ ችሎት ድረስ የሚሟገት ሰው የአመፅ ታሪክ ሲሰማ መጀመሪያ የሚፈልገው ዳኛውን ነው። በአጎቴ ጥያቄ ውስጥ የጉልት አገርና የርስት አገር ልዩነት ሙሉውን አለ።

ይህ ልዩነት በደም የተጻፈ ገጽም አለው። በ1967 ዓ.ም. የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ልጆች መርዕድና መስፍን ብሩ በመንዝና በግሼ በደርግ ላይ ሸፈቱ፤ በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገደሉ። የዘመኑ ቋንቋ ነገሩን የፊውዳሎች ሽፍትነት ብሎ ዘጋው። መሪዎቹ በእርግጥ የመሳፍንት ልጆች ነበሩ። አዋጁን በስጋት ያየው ገበሬ ግን ሰፊ መሬት የነበረው ሰው አልነበረም፤ የፈራው አባት ቆጥሮ የሚያገኘው መብቱ እንዳይቀር ነው። አበጀ በለውን ከመጽሐፍ የወደደ ወጣት፣ ገበሬ በአብዮት ላይ የሚነሣበትን ምክንያት የሚረዳበት ልቦለድ አልነበረውም።

ለርስት ሥርዓት ጠበቃ ለመቆም አይደለም ይህን የምለው። ርስት በሙግት ወንድማማች ያጣላ፣ መሬትን የቆራረሰ፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ባለ እጅ ብሎ የናቀ ሥርዓት ነበር። መልሼ ሳነብ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወደ መንዝ የሚገባበትን ትክክለኛ በር ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ጉዱ ካሣ የሚነቅፈው የዘር ኩራት፣ ሰውን በአጥንቱ መመዘን፣ አባት በመቁጠር የሚኖረውን አገር በቀጥታ ይመለከተዋል። በ1970ዎቹ የተነበበው የመሬቱ ታሪክ ነው። ለእኛ ደጋ የበለጠ የሚናገረው ግን የአጥንቱ ታሪክ ነው።

በደጃችን የነበረው «አደፍርስ»

ዳኛቸው ወርቁ የተወለደው ከመንዝ ገደል በታች ባለችው በደብረ ሲና ነው። በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «አደፍርስ» ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር የወረደ ወጣት ከአገሬው ጋር ሲከራከር የሚታይበት ልቦለድ ነው። ከሁሉም መጻሕፍት ለቤታችን የሚቀርበው ይህ ነበር፤ ከሁሉም ያነሰ የተነበበውም ይኸው ነው። ጓደኞቼ ይዋዋሱት የነበረው የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር»፣ በኋላም የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» ነው። የሰአሊነት ምኞት ያንገበገበው አበራ ወርቁ አዲስ አበባን አሳየን፤ አቤልና ትዕግሥት ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን ሳንገባበት አስገቡን። የራቀው ይናፍቃል፤ የቀረበው አይታይም።

«አደፍርስ»ን ዛሬ ሲያነቡት የታሪክ ጸሐፊን የሚያስደስተው በወጣትነት የሚያደክመው ነገር ነው። ሰዎቹ ያወራሉ፤ ይከራከራሉ፤ ይተርታሉ፤ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ትምህርት የሚነሣው ሙግት በአሸናፊና በተሸናፊ አይለይም። የምሥራቅ ሸዋ ገደል ነዋሪ በ1960ዎቹ ዋዜማ እንዴት ይናገር እንደነበር የሚያሳይ፣ ከብዙ የመንግሥት መዝገብ የተሻለ የንግግር ማኅደር ነው። ከሁሉ በላይ የተማረው ልጅ እውነትን ብቻውን አልያዘም፤ አገሬው ይመልስለታል፤ አንዳንዴም ይረታዋል። ኅሩይ በ«ሐዲስ ዓለም» የጀመሩት ጥያቄ እዚህ መልስ ሰጪው በዝቶበታል። ያ ትውልድ ይህን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ በብዛት አንብቦት ቢሆን፣ ከአባቱ ጋር የሚነጋገርበት ሌላ ቋንቋ ያገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የተፈቀደው መጽሐፍና የተከለከለው መጽሐፍ

ሦስተኛው ዘመን ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎችን ላክል።

የመጀመሪያው የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ይህ ባለ ሦስት ቅጽ ልቦለድ በወሎ ድርቅ ይጀምርና ወደ አብዮቱ ይሻገራል። ረኃቡን የደበቀውን የንጉሡን መንግሥት የሚከስ መጽሐፍ ስለነበር የሚከለክለው አልነበረም። ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. ረኃብ እንደገና መጣ፤ የወሎ ጎረቤት ወደ ሆነው ወደ ሰሜን ሸዋም ደረሰ። በመስከረም ወር የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ መንዝና ግሼ ውስጥ ይህን መጽሐፍ በእጁ የያዘ ወጣት ነበር። ደራሲው ስለ 1965 ዓ.ም. የጻፈውን አንባቢው ስለ 1977 ዓ.ም. አነበበው። በጽሑፉ ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ክሱ የሚመለከተው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም። ከመቼውም ይልቅ ጸጥ ብሎ የተነበበው መጽሐፍ ግን ይህ ነበር።

ሁለተኛው «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ጠፍቶ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልጠፋም። በዚያው በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ስለነበር፣ መጽሐፉን የሚሻማው ልጅ ለግዳጅ የሚጠበቅ ልጅ ነው። ስለ ጸጋዬና ስለ ፊያሜታ ፍቅር ብሎ ይጀምራል፤ የሚያገኘው ስለሚጠብቀው ጦርነት ነው። የደጋው ወጣት አስመራን መጀመሪያ በፊያሜታ አወቃት፤ ቀጥሎ በወታደር ጫማ ገባባት። ከነዚያ አንባብያን ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ሰብለ ወንጌልና የክፍላችን ሴቶች

እስካሁን ስለ ወንዶች ልጆች ተናገርሁ፤ ማስረጃውም እንዲያ ያደላል። ሴት ልጅ መጽሐፍ የምታነብበት ሰዓት ውኃ የምትቀዳበት፣ እንጨት የምትለቅምበት፣ ሱፍ የምትፈትልበት ሰዓት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎት ነበር፤ በገጠሩ ግን ይህም የሚጠበቅ አልነበረም። ዕድሜው ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ነው። ሰባተኛ ክፍል አብረውን የጀመሩ ሴቶች ስምንተኛን ሳይጨርሱ ቁጥራቸው ይመናመን ነበር።

በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ፊደል ሊያስተምር ወደ ቤቷ እንደ ገባ ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ የክፍል ጓደኞቼ መካከል በዐሥራዎቹ ዕድሜዋ የተዳረች አንዲት ሴትን ስለ መጽሐፉ ጠይቄአት ነበር። ወንዶቹ ለሰብለ ያለቀሱት ወዳጇ ስለ ሞተባት ነው። እርሷ ግን በሰብለ እንደ ቀናችባት ነገረችኝ፤ ቤቷ ድረስ መጥቶ የሚያስተምራት ሰው ስላገኘች። ስለ መጽሐፉ ከተጻፉት ትንታኔዎች ብዙ አንብቤአለሁ፤ ይህን ግን ከእርሷ በቀር ከማንም አልሰማሁም። ባል ስለ መዘግየቷ የምታዝነውን ጀግና፣ ባል የፈጠነባት አንባቢ በዚህ መልክ አየቻት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1923 ዓ.ም. ያነሡት የጋብቻ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በራሳቸው አገር ምን ላይ እንደነበረ የዚህች ሴት ንባብ ይመሰክራል።

ለታሪክ ተማሪ የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ምን እንማራለን? ልቦለድ መዝገብ አይደለም። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ተነሥቶ የጎጃምን የግብር መጠን ማስላት፣ ከ«ማዕበል» የረኃብተኛ ቁጥር ማውጣት አይገባም። ልቦለድ የሚያስረዳው ሰዎች ነገሩን በምን ስም እንደጠሩት፣ ማንን እንደ ወደዱና ማንን እንደ ጠሉ፣ ምን መናገር እንደ ቻሉና ምን እንደ ደበቁ ነው። ይህንንም የሚያስረዳው ሦስቱ ዘመኖች ተለይተው ከተጠየቁ ብቻ ነው። ሳይለዩ ያነበበ ሰው የ1958 ዓ.ም. ደራሲን ስለ ጥንት እንደሚመሰክር የዓይን ምስክር ይቆጥረዋል፤ ወይም የጎጃምን ፊታውራሪ በመንዝ የገብስ ማሳ ላይ ይፈልጋል።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ አለ። በየወረዳችሁ፣ በመሐል ሜዳም፣ በሞላሌም፣ በራቤልም፣ በዓለም ከተማም፣ በእነዚያ ዓመታት ያነበቡ ወይም ሲነበብ የሰሙ ሰዎች አሉ፤ ትንሹ ሃምሳውን አልፏል፤ የአድማጮቹም ትውልድ እየተፈጸመ ነው። ሦስት ነገር ጠይቋቸው። መጽሐፉ ከማን እጅ መጣ? ማን አነበበው፣ እነማንስ ሰሙት? የትኛው ሰው አሳዘናችሁ፣ የትኛውስ አናደዳችሁ? አሮጌ ቅጂ ያለው ሰው ካገኛችሁ ከጽሑፉ በፊት ባዶውን ገጽ ተመልከቱ፤ የስሙን ዝርዝር፣ ቀኑን፣ እርግማኑን ቅዱ። ዛሬ እነዚያው ልቦለዶች በቴሌግራም ተቀድተው በስልክ ይነበባሉ። ለንባብ መልካም ነው፤ ስካን ተደርጎ የሚዞረው ገጽ ግን የዚያችን የአንዲቷን ቅጂ ሃያ እጅ አይነግረንም።

ሥራው የሚቸኩልበት ሌላም ምክንያት አለ። በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው በዚህ ሰዓት አንድ የተቀደደ መጽሐፍ ወይም አንድ የስልክ ገጽ ይዞ የሚያነብ ልጅ አለ። እርሱም እንደ እኛ ስለ አገሩ፣ ስለ አባቱና ስለ ጠላቱ መነጽር እየሠራ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት አንባብያን መነጽራቸው የት ላይ እንዳሳያቸውና የት ላይ እንደጋረዳቸው ካልተጻፈለት፣ ያው ክርክር በሌላ ቃል ይደገምበታል። የእኛ ሙያ ለዚህ ልጅ ሊያደርግለት የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፤ ያንን ጥቂት ግን ማድረግ ይገባናል።